ሴት ትቅደም

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከሄድክ በሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ቀን

ለውዱ ባለቤቴ፣ ለቀድሞው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ለአሁኑ የሆቴል በር ከፋች፤

ለጤናህ እንዴት ነህ ብዬ ወረቀት አልጨርስም። ባለፈው ደብዳቤህ ጫማህ እንደሚያብለጨልጭ፣ ነጭ ጓንት እንደተሰጠህ፣ ጀርባህም ቀጥ እንዳለ ነግረኸኛል፤ እንዲህ ያለ ሰው አይታመምም። እኛም ደህና ነን። እናትህ ጥርሳቸው ቢቀንስም ምላሳቸው እንደነበረ አለ። እኔም ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ተንጋዶ ካየኸው ጠረጴዛው ስለሚወዛወዝ ነው። ከመሄድህ በፊት እግሩን አስተካክል ብዬህ ነበር፣ አላስተካከልክም።

ደብዳቤህ አራት ገጽ ነው። ከአራቱ ገጽ ስለ እኔ ሦስት መስመር አለ፣ ስለ እናትህ ሁለት፣ ስለ አየሩ አንድ። የቀረው በሙሉ መምህርቷ ናት። «መምህርቷ እንዳለችው»፣ «መምህርቷ እንዳሳየችን»፣ «መምህርቷ ስትስቅ»። ለመሆኑ በር ለመክፈት መምህርት ያስፈልጋል? ሃያ ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ በር ስትከፍትና ስትዘጋ ማን አስተማረህ? መስመሩ ተዘጋ፣ ሥራ ጠፋ፣ ሰባት ወር በር መክፈት ተምሬ ልምጣ አልክ፣ እሺ አልኩ። በሩ ላይ ሴትዮ ቆማ እንደምትጠብቅህ ግን አልነገርከኝም።

የቀናሁ እንዳይመስልህ። አንዲት ሴትዮ ባርኔጣ አነሳስ ብታስተምርህ እኔ ምን ቸገረኝ! ግን ደብዳቤውን ደጋግሜ ሳነበው አንዳንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ።

ወንድ ለሴት ባርኔጣውን የሚያነሳው ድሮ ፈረሰኞች ፊታቸውን በብረት ይሸፍኑ ስለነበር፣ ብረቱን ገለጥ አድርገው «ጠላት አይደለሁም» ለማለት ነው ብላችኋለች። ጥሩ። ወንድ በመኪናው መንገድ በኩል፣ ሴት በግድግዳው በኩል የምትሄደው፣ ድሮ የፈረስ ጋሪ ጭቃ ስለሚረጭ ወንዱ እንዲከልላት ነው። ይሁን። ወንበር የሚሳብላት ቀሚሷ ከወንበሩ ስለሚሰፋ ራሷ መሳብ ስለማትችል ነው። እሺ። እጅ መሳም ላይ ስደርስ ግን ሻዬን አስቀመጥኩ። «ከንፈር እጁን አይነካም» ብለህ በቅንፍ ጽፈሃል። ማን ጠየቀህ? እኔ ነካ አልነካ አልኩ? ሰው ያልተጠየቀውን የሚመልሰው መቼ እንደሆነ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬህ ስኖር ሳላውቅ የቀረሁ መሰለህ?

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ካፖርቱ ነው። «ካፖርቷን ስይዝላት ገበሩ በእጅ የተሰፋ መሆኑን አየሁ፣ አንቺን አስታወሰኝ» አልክ። ደስ እንዲለኝ ብለህ እንደጻፍከው አውቃለሁ። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ። ገበር የልብስ ውስጡ ነው፤ ከለበሰችውና ከሰፋችው በቀር ማንም አያየውም። እኔ ላንተ ሦስት ካፖርት ሰፍቻለሁ፣ የሦስቱንም ገበር በእጄ፣ ዓይኔ እስኪፈስ። አንድ ቀን ገልበጥ አድርገህ አይተህ ታውቃለህ? የሷን በሳምንት ውስጥ አየኸው።

ደግሞ ለእኔ የቁልፍ ትምህርት መላክህ! የሴት ልብስ ቁልፍ በግራ የሆነው ድሮ ወይዛዝርቱን የሚያለብሱ ሠራተኞች ስለነበሩ፣ ፊት ለፊት ለምትቆመው አልባሽ እንዲመቻት ነው አለች አልክ። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት የሴት ቁልፍ በግራ ስተክል ኖሬ ምክንያቱን አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅሁ፣ አመስግናት። እኔን ግን አልብሶኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ቁልፌን የምቆልፈው ራሴው ነኝ።

እና እጅጌው። ይህን ቃል በቃል ልጻፍልህ፣ አልጻፍኩም እንዳትል። «ሴት ትቅደም የሚለው ትምህርት አልሆነልኝም። በር ላይ ስንደርስ እግሬ ቀድሞ ይገባል። መምህርቷ ሦስት ጊዜ እጅጌዬን ይዛ ወደ ኋላ መለሰችኝ፣ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።» ያንን እጅጌ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለመያዣ አልሰፋሁትም።

በመጨረሻዋ መስመር ደግሞ፣ ዋናውን ነገር እንደዋዛ ጣል አድርገህ፣ የመጨረሻው ፈተና የበር እንደሆነ፣ ካለፍክ ለሁለት ዓመት እንደሚያስፈርሙህ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንደሚፈልጉ ነገርከኝ። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አልክ።

ምን እላለሁ? ፈርም! ሁለት ዓመት ምን ይበቃሃል፣ ሃያ ፈርም። የሰው ሴት በር ላይ ስታስቀድም ኑር። እኔን አስቀድመኸኝ ታውቃለህ? ሰርግ ቤት ይሁን ሐኪም ቤት፣ አንተ መኪና እኔ ተሳቢ ሆነን አይደል የኖርነው? አንተ ፊት ፊት፣ እኔ ጀርባህን እያየሁ። ካፖርትህን ሳልለካህ የምቆርጠው እኮ ለዚህ ነው፤ ከፊትህ ይልቅ ጀርባህን አውቀዋለሁ።

ደከመኝ። ነገ እቀጥላለሁ።

ረቡዕ

ትናንት የጻፍኩትን አነበብኩት። አንድም ቃል አልቀንስም።

ዛሬ እኔም እንደ አቅሜ ልማር ብዬ ከሱቃችን ማዶ ያለው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። በሃያ ዓመት ሁለት ጊዜ ገብቼ አውቃለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ መጋረጃ ልለካ። የመጻሕፍቱ ሹም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰውዬ ነው። ገና ስመጣ በመስታወቱ አይቶኝ በሩን ከፈተልኝ። ወንበር ሳበልኝ። «ስለ ድሮ ወንድና ሴት አክብሮት የሚያወራ መጽሐፍ አለ?» ብዬ ብጠይቀው ሦስት አመጣልኝ። አጠገቤ ተቀምጦም ገጽ እየገለጠልኝ አስነበበኝ። ልብ በል፣ ገጽ እየገለጠልኝ። ስወጣ ደግሞ ካፖርቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝና ገበሩን አይቶ «የእጅ ሥራ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

እንዴት ነው ስሜቱ? እኔ እዚህ ይህን ስሜት ስንት ቀን ይዤው እንደኖርኩ ይግባህ።

የመምህርትህን ትምህርት በሙሉ ነገርኩት፣ ብረቱን፣ ጭቃውን፣ ቁልፉን። ሰውየው ፈገግ አለ።

«እህቴ፣ ግማሹ እውነት ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ግማሹ ግን ሰው የልማዱ መነሻ ከጠፋበት በኋላ ቁጭ ብሎ ያወጣለት ምክንያት ነው። ልማድ እንዲህ ነው። የጀመረው ሰው ለማንም ሳይናገር ይሞታል፤ ከዚያ ያየ ሁሉ የመሰለውን ያወራል።»

«ሴት ትቅደም የሚለውስ?»

«አንዱ መጽሐፍ ክብር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ከበሩ ጀርባ ጠላት አድፍጦ እንደሆነ ለማየት ሴቷን ያስቀድሙ ነበር ይላል። ማስረጃ ግን አላቀረበም። ወሬ ነው።»

ወሬም ቢሆን ወደድኩት። እስኪ በር ላይ ስታሳልፋት ይህን አስብ!

ከዚያ ሌላ ገጽ ገለጠና «ይሄም አለ» አለኝ። «በር ላይ ሴት ትቀድማለች። ደረጃ ሲወረድ ግን የሚቀድመው ወንዱ ነው።»

«ለምን?»

«ብትሰናከል እሱ እንዲይዛት።»

  በቃኝ፣ ቤት ሥራ አለኝ ብዬ ተነሳሁ። ቤት ምንም ሥራ አልነበረኝም።

ሐሙስ

ለእማማ ደብዳቤህን አነበብኩላቸው፤ የኔንም እስከ ተሳቢው ድረስ አነበብኩላቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅሚያለሽ» አሉኝ። «ሴትዮዋ ለእንጀራዋ ነው የምታስተምረው። የኔ ልጅ ደግሞ እንኳን ሁለተኛ ሴት ሊያይ፣ አንዷንም በወጉ አላያትም።»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አልኳቸው። ነገሩ እሳቸው ዘንድ ሳቅ ቢሆንም እኔን አቃጠለኝና ጨመርኩ። «እማማ፣ ይህ ልጅዎ እኮ አብረን ከኖርን ጀምሮ አንድ ቀን ቅደሚ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን!»

እማማ ክር እያጠነጠኑልኝ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«አንድ ቀን ብሎሻል» አሉኝ።

«መቼ?»

«እሱን ለኔ አትተዪው። አንቺው ታውቂዋለሽ።»

አላውቅም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አወቅሁት።

የመጀመሪያው ቤታችን፣ ጣሪያ ሥር ያለችው ክፍል፣ ያ ሳንቃው የሚያቃስት የእንጨት ደረጃ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ቁልፉ አልዞር ብሎህ በሩ ላይ ቀረህ። «አንቺ ቅደሚ፣ እደርስብሻለሁ» አልከኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔና አንተ እናውቀዋለን። ሁለታችንም በአፋችን አንስተነው አናውቅም፤ ለሚወለደው የሰፋኋትን ትንሽ ልብስ እንኳ ማን እንዳነሳት፣ የት እንደገባች አልጠየቅሁህም።

«በሳምንቱ እኔ ዘንድ መጣ» አሉ እማማ። «ወንበር እያለ መሬት ተቀመጠ። 'ቅደሚ ያልኳት እኔ ነኝ እማዬ፣ በገዛ አፌ' አለኝ። ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ከአፉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አልሰማሁም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አልሰማሁም። በየበሩ ቀድመህ ስትገባ፣ በየደረጃው ቀድመህ ስትወርድ፣ ጨለማ ሲሆን ደግሞ እግርህን ቀስ እያደረግህ ስታሳርፍ አይቻለሁ፤ ለጎረቤት ሁሉ «ባለጌ ነው፣ ሴት ማክበር አያውቅም» ብዬ አውርቻለሁ። አንተ ቆመህ እየሰማህ አንድ ቀን እንኳ አልመለስክልኝም። የመጻሕፍቱ ሰውዬ እንዳለው ሆነ፤ የጀመርከው ዝም አልክ፣ ያየሁት እኔ የመሰለኝን አወራሁ።

ደብዳቤህን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። «እግሬ ቀድሞ ይገባል» የምትለው ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ አልክ። ሳቁብህ። እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ አንድም ሰው አይስቅም ነበር!

ቅናትሽ የት ሄደ እንዳትለኝ። አለ፣ የትም አልሄደም፤ ቦታውን ብቻ ቀየረ። እስከ ትናንት እጅጌህን በመያዟ ነበር የምቃጠለው። አሁን ደግሞ ለሷ ለምን ቀደምክላት እላለሁ። ያ እግር የኔ ነው። የሚቀድመው ለኔ ነው። እሷ ከመስታወት በር ውጭ ምን አደጋ አለባት?

ዓርብ

ዛሬ ሁለት ነገር እነግርሃለሁ፣ ከዚያ ደብዳቤው ያልቃል።

አንደኛው የድሮው ነው። ያን ቀን ስትቆልፍ «ቅደሚ» ያልከኝ፣ እኔ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው። ቀድሜ ሄጃለሁ። የደንበኛ ቀሚስ በሁለት እጄ ታቅፌ፣ ከሰዓቱ አርፍጄ፣ አንተ ጠዋት ማታ «መደገፊያውን ያዢ» የምትለኝን ሳልይዝ ነው የወረድኩት። ባትለኝም እወድቅ ነበር። ይህን ሃያ አንድ ዓመት ደበቅሁህ፤ «ነግሬሽ አልነበረም?» እንዳትለኝ ፈራሁ። እኔ ወቀሳህን ስፈራ አንተ ለካ ራስህን ስትወቅስ ነበር። ቃልህ ማንንም አልጣለም። ስማኝ፣ ቃልህ ማንንም አልጣለም።

ሁለተኛው፤ ጠረጴዛው አይወዛወዝም።

ዛሬ ሃያ ቀኑ ነው። የጨርቅ ጥቅል ታቅፌ ወደ ሱቅ ስወርድ የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ ነበር። አዎ፣ አሁንም ሁለት እጄ ሙሉ ነበር፣ አሁንም አልያዝኩም፤ ካረጁ ወዲያ መማር የለም። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ወደቅሁ። ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። ይህን ሁሉ የምጽፍልህ በግራዬ ነው፣ ለዚህ ነው አራት ቀን የፈጀብኝ። እንዳይነግሩህ እማማን አስምዬያቸው ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን «ካልጻፍሽው እኔ ፊደል ቆጥሬም ቢሆን እጽፈዋለሁ» ብለው ዛቱብኝ።

የመጻሕፍቱ ሰውዬ ገጽ የገለጠልኝ ለዚህ ነው፤ ካፖርቱንም ትከሻዬ ላይ የጣለልኝ ክንዴ እጅጌ ውስጥ ስለማይገባ ነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ለድመቱም በር ይከፍታል። አሁን ተንፍስ። ሁለት ቀን ብቻ ነው ያቃጠልኩህ፣ አንተ እኔን ስንት ሳምንት!

ቁልፌን ደግሞ ራሴው ነኝ የምቆልፈው ያልኩትም ውሸት ነው። ጠዋት ጠዋት እማማ ፊት ለፊቴ ቆመው ይቆልፉልኛል። በግራ መሆኑ እውነትም ለአልባሽ ይመቻል። በዚህስ መምህርትህ አልተሳሳተችም።

ያልነገርኩህ አንድ ነገር ቀረ። ሰው ሲወድቅ ብዙ ነገር ያስባል ይላሉ፤ እኔ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ከፊቴ ባዶ ደረጃ ነበር። ጀርባህ አልነበረም። እጄን ለመያዝ የዘረጋሁት እዚያ፣ ኮሌታህ በሚሆንበት ቦታ ነው፣ ሳላስበው። አየሩን ይዤ ወደቅሁ።

ማክሰኞ ዕለት ሃያ ፈርም ያልኩትን አልሰርዘውም፤ በግራ እጅ አንድ መስመር መጻፍ ምን እንደሆነ አታውቅም። ይኑር፣ ምን ያህል ተናድጄ እንደነበር ማስታወሻ ይሁንህ። ግን አትፈርም። ደግ ሚስት ባሏ ፈተና እንዲያልፍ ትጸልያለች። እኔ ደግሞ ግራ እጄንም ጄሶዬንም ዘርግቼ ለአምላክ የምለው፤ ባሌን ጤና ስጠው፣ መንገዱን አቅናለት፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣው፣ የበሩን ፈተና ግን ጣለው። እግሩን አትለውጥብኝ።

አምፖሉን የሚቀይር ሰው ጠርቼ ነበር፣ መልሼ ሰደድኩት። አንተ ስትመጣ ትቀይረዋለህ። እስከዚያ እማማ ቀን ቀን ብቻ ነው የሚያስወርዱኝ፣ መደገፊያውንም እይዛለሁ።

እናትህ ይመርቁሃል፤ የመንገድህ ድንጋይ ይነሳልህ ብለዋል። እኔም አሜን ብያለሁ። ና። ቤት ደርሰህ ሻንጣህን ስታስቀምጥ፣ አብረን ወደ ሱቅ ስንወርድ፣ ሳልለምንህ እንደ ልማድህ ፊት ፊቴን ሂድልኝ። ተሳቢ ነኝ ብዬ ሁለተኛ አልናገርም። ጥቂት ቀን አልናገርም።

ሃያ ሁለት ዓመት ምላሷን የቻልክላት፣
መቀስህ

የረሳሁት፤ ለመምህርትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ደረጃ ሲወረድ የሚቀድመው ወንዱ ነው ይላል መጽሐፉ ብለህ ንገራት። እጅጌህን ሳታስይዝ ንገራት።